ሞተሩን ከመለወጥህ በፊት

ልጄ፣ ከወፍጮ ቤት የወጣ አሮጌ ሞተር ገዝተህ እንጨት በቀበቶ የምታለሰልስበት ሳንደርህ ላይ ልትገጥመው እንዳሰብህ ሰማሁ። ማሻሻል መፈለግህ ደግ ነው፤ ለመሣሪያው የማይጨነቅ ባለሙያ ለደንበኛውም አይጨነቅም። ግን «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» ሲባል ሰምተሃል። ያቺ በብየዳ ያሠራሃት ማሽን ተጨማሪ ጉልበት ከማግኘቷ በፊት ያላትን ጉልበት የምትሸከምበት እግር ያስፈልጋታል። ብሩን ኪስህ አቆየውና ስማኝ፤ ሞተሩ የትም አይሄድብህም።

ፍጥነቱን በቁጥር እንየው። ቀበቶውን የሚጎትተው ሮለር ዲያሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በአንድ ዙር 31 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀበቶ ይስባል። በደቂቃ 1400 የሚዞር ሞተር በቀጥታ ሲነዳው ቀበቶው በደቂቃ 440 ሜትር፣ በሰከንድ ከ7 ሜትር በላይ ይሮጣል ማለት ነው። ለዋንዛም፣ ለግራቪሊያም፣ ለባሕር ዛፍም ይህ ይበቃል። 2800 የሚዞረውን ብትገጥም ወደ 15 ሜትር ይጠጋል። ያኔ እንጨቱ ይጠቁርብሃል፣ ሙጫው ወረቀቱን ይደፍንብሃል። ከሁሉ የሚብሰው ግን፣ ሮለሩ ጥቂት እንኳ ሚዛኑን የሳተ ከሆነ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚያንቀጠቅጠው ኃይል አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ዛሬ ጠረጴዛውን የሚያርገበግብ ማሽን ያን ጊዜ ብሎኑን ፈትቶ ይጥላል።

ደግሞስ የወፍጮው ሞተር ባለ ሦስት ፌዝ፣ የቤትህ መስመር ባለ ነጠላ። በኮንደንሰር አስነስተን እንሰጥሃለን የሚሉህ አይጠፉም። መነሳቱን ይነሳል፤ ግን ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። የሞተሩ 7.5 ፈረስ ጉልበት 5.6 ኪሎ ዋት ነው፤ 100 በ915 ሚሊ ሜትር ቀበቶ ለምትነዳ ማሽን 1.5 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 2 ፈረስ ጉልበት፣ ተርፎ ይተርፋታል። የሚሠራ ሞተር ነቅለህ የማታውቀውን ስትተክል «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆንብህ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ለሳንደር የተተረተ ይመስለኛል። ቀበቶህ ወደ ጎን እየሸሸ ጠርዙ ከብረቱ ጋር እየተፋጨ የሚበጠሰው ጉልበት አንሶት አይደለም፤ የሚሮጥበት ስላልተስተካከለ ነው። አሮጌ የናፍጣ ወፍጮ በደንብ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጠፍጣፋው ችንጋ ከሞተሩ እስከ ድንጋዩ ያን ሁሉ ርቀት ሲሮጥ ጎንና ጎኑን የሚይዘው ነገር የለም፤ ግን ከፑሌው አይወርድም። ሲቆም ፑሌውን በመዳፍህ ዳብሰው፤ መሃሉ ከዳሩ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ታገኘዋለህ። የጠፍጣፋ ቀበቶ ጠባዩ ወደ ከፍታው መውጣት ነው። ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት ከፍታው ላይ የቀረው ወገኑ ይበልጥ ይወጠርና ተከትሎ የሚመጣውን ወደ መሃል ይመልሰዋል።

ስለዚህ ከሁለቱ ሮለሮች አንዱን ጅማ ቶርኖ ቤት ወስደህ መሃሉ ከዳሩ በግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ እንዲል አስቆርጠው። ከዚያ አታስበልጠው፤ ቀበቶው መሃል ለመሃል ብቻ እየበላ ዳሩ ሳይሠራ ይጣላል። ሌላኛው ሮለር ቀጥ ያለ ይሁን። ለቶርኖ ከመክፈልህ በፊት መሞከር ከፈለግህ የወረቀት ፕላስተር መሃሉ ላይ በጠባቡ ጠምጥም፣ ከላዩ ሰፋ አድርገህ ድገም። ብዙ አይቆይም፤ ግን ነገሩ እውነት መሆኑን በዓይንህ ታያለህ።

የፊተኛው ሮለር በሞላ ይወጠር። አሁን በብሎን አጥብቀህ የምትተወው ወረቀቱ ሲሞቅና ሲለጠጥ ይላላል፣ አንተም ይበልጥ ታጠብቃለህ፣ ኩሽኔታው ያልቃል። ሞላ ግን ሲለጠጥ ይከተለዋል። ከሞላው ሌላ ሮለሩን በፀጉር ያህል የምታዘነብልበት አንድ ብሎን ከነዳዶው አስበይድለት። ስታስተካክል መሰኪያውን ነቅለህ ቀበቶውን በእጅህ አዙረው፤ መሃል ሲረጋ ብቻ መብራት ስጠው። ቀስቱንም ተመልከት። ከቀበቶው ጀርባ ላይ የታተመው ቀስት የሚዞርበትን አቅጣጫ ያሳያል፤ መጋጠሚያው ተደራርቦ በተጣበቀ ቀበቶ ላይ ገልብጠህ ካስገባኸው የእንጨቱ ጫፍ መጋጠሚያውን እየቧጨረ ይገነጥለዋል። ከዚያ «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» ነው፤ ኪሳራው ያንተው ነው።

ከቀበቶው ጀርባ ያለችውን ላሜራ ያያት ሰው የለም መሰለኝ። ስኳድራህን በጠርዙ አቁምባትና በሥሯ ብርሃን ካለፈ ጎድጉዳለች ማለት ነው፤ ቀጥ ያለ የመሰለህ የጠረጴዛ እግር ሁሉ በዚያች ጉድጓድ ልክ ሆዱ ነፍቶ ይወጣል። በወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ለውጣት፤ ግራፋይት የተለበሰ ጨርቅ ካገኘህ ለጥፍባት፣ ሰበቃውንና ሙቀቱን ይቀንስልሃል።

እዚህ ላይ እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርህ። አንተ የምትኖረው በበርጩማ ነው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ፣ ያለ ሚስማር ያለ ኮላ የሚወጣ ነው፤ ሦስት እግሩ፣ ጎድጓዳ መቀመጫው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 በፈረንጆች አቆጣጠር ጅማን ሲገዙ ሳንደር የሚባል ነገር ማንም አያውቅም ነበር፤ ያ ሁሉ የተዋበ እንጨት በእጅ ወጣ። ጠፍጣፋ ማሽን ደግሞ ጠፍጣፋ ነገር ብቻ ነው የሚወደው፤ በርጩማውን ላሜራው ላይ ብትጫነው እግሩን ጠርዝ በጠርዝ ያደርገዋል። ስለዚህ ላሜራውን በሁለት ብሎን የሚወልቅ አድርገው። ከጀርባው ድጋፍ የሌለው ልቅ ቀበቶ ክቡን እግር ተከትሎ ይተጣጠፍልሃል። ለመቀመጫው ጎድጓዳ ደግሞ የፊተኛውን ሮለር ሽፋን አንሳና በክቡ ጫፍ ሥራ። ይህን ለማድረግ ሁለት ብሎንና ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ከየትኛውም ሞተር የበለጠ ገቢህን የሚለውጠው እሱ ነው።

የመብራቱን ነገር እናንሳ። ግልገል ግቤ አንድ ጎረቤታችን ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ። የውሃው ጎረቤት መሆን ግን መብራት እንዳይጠፋ አያደርግም። አንተ ማሽኑን ያሠራኸው በተራ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ረስተኸው ቡና ልትጠጣ ትሄዳለህ፤ ሲመለስ ማሽኑ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ይነሳል፣ ወይም ይባስ ብሎ እጅህ ቀበቶው ላይ እያለ። ኮንታክተር ከአረንጓዴና ከቀይ ቁልፍ ጋር ግጠምለት። መብራት ሲቋረጥ ኮንታክተሩ ራሱን ይለቃል፤ ሲመለስ አረንጓዴውን ካልተጫንክ አይነሳም። ቀዩን ቁልፍ በጉልበትህ ልትገፋው በምትችልበት ከፍታ አድርገው፤ ሁለቱም እጆችህ እንጨት ይዘው ሳለ ነው የምትፈልገው። ኧርዙንም እስከ ብረቱ ቋሚ ድረስ አገናኘው፤ የክረምት ወለል እርጥብ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ብናኙ ነው። ሻርፕ አፍንጫህ ላይ ጠምጥመህ ስትሠራ አይቻለሁ። ሻርፕ የሚያስቀረው የሚታየውን ነው፤ ሳንባ የሚገባው የማይታየው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በፈረንጆች 1995 ባወጣው ጥናት የእንጨት ብናኝን የአፍንጫና በዙሪያው ያሉ ክፍተቶችን ካንሰር ከሚያመጡት ጋር መድቦታል። ግራቪሊያው ደግሞ፣ ያ ለቡናህ ጥላ የተከልከው፣ ቆዳው የሚቆጣበት ሰው አለ፤ ክንድህ ከሥራ በኋላ የሚያሳክክህ ከሆነ እሱን ጠርጥር። ቀበቶው ወደ ታች በሚዞርበት ጫፍ ላይ ከላሜራ የተሠራ ሳጥን ግጠም፤ አፉን ለቀበቶው አስጠጋው፣ ከኋላው የመምጠጫ ቱቦ። መምጠጫው ቶሎ እንዳይደፈን በመሃል ክዳን ያለው ባልዲ አስገባ፤ አየሩ በባልዲው ጎን ገብቶ እየተሽከረከረ ሲወርድ ከባዱ ብናኝ እዚያው ይቀራል። መነጽርህንም አትርሳ፤ «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» የተባለው ሁለት ላለውም ይሠራል።

በዚያው ሳንደር ገጀራ ስትስል ደግሞ አትገኝ! የቡና ምንጠራ ሲደርስ ሰው ሁሉ ገጀራና ጠገራ ተሸክሞ ደጅህ እንደሚቆም አውቃለሁ፤ ገንዘቡም ያጓጓል። ከብረት የሚወጣው ብልጭታ ግን በቀጥታ ወደዚያ ባልዲ ነው የሚመጠጠው። የእንጨት ብናኝ በነበልባል አይጀምርም፤ ውስጥ ለውስጥ ይጨስና አንተ ተኝተህ ሳለ ይነሳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው፤ ለብረት ሌላ ቀበቶ ብቻ ሳይሆን ሌላ ቦታ ይኑረው። ባልዲውን በየማታው ከቤት አውጣ። ረከቦት በተልባ ዘይት የምትቀባ ከሆነ ጨርቁን ጠቅልለህ ጥግ አትጣል፤ ዘርግተህ አድርቀው፣ የተጠቀለለ ዘይታም ጨርቅ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል።

ስለ ወረቀቱ ብዙ አልልም። ተራውን ጠብቅ፦ 80፣ 120፣ 180። ከ60 ወደ 180 ዘልለህ ያለሰለስከው ቫርኒሽ ሲቀባ የ60 ጭረቱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣብሃል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ፤ የብርጭቆ ወረቀትም ሙጫ ከያዘ አይለቅም፣ ግን ጥሬ ጎማ፣ የአሮጌ ጫማ ክሬፕ ሶል፣ እየሮጠ ሳለ ስታስጠጋበት ይተፋዋል። በክረምት ቀበቶዎቹን ሚስማር ላይ አትስቀል፤ እርጥበቱና ክብደቱ ያጥፋቸዋል፣ የታጠፈ ቀበቶ ደግሞ በየዙሩ እንጨቱን ይመታል። ሰፊ ቱቦ ላይ አንጠልጥላቸው።

እንጨቱንም አስብለት። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 94/1986 ተከልክለው ነበር። አንተ ጋ የሚመጣው ዋንዛ በገበሬ ማሳ፣ በቡና መሃል ያደገ ነው፤ ለስላሳ እንጨት ነው፣ በ60 ቁጥር ስትጫነው ከምትፈልገው በላይ ትበላዋለህ። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል»፤ ሳንቃውን በሁለት እጅ ይዘህ አሳርፈው እንጂ አትጫነው፣ ሁልጊዜም እያንቀሳቀስክ። በማሳረፊያው ብረትና በቀበቶው መሃል ያለው ክፍተት ከ2 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ከሰፋ ቀጭኑን እንጨት ከነጣትህ ይስበዋል። ጋቢውን አውልቅ፣ ጓንትም አትልበስ።

ጅማ ስትሄድ ሮለሮቹን ከነኩሽኔታቸው ይዘህ ሂድ። ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተቀርጿል፤ 6202 ከሆነ የውስጡ ቀዳዳ 15፣ የውጩ 35 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሻጩ ሌላ ቢሰጥህ በዚያ ለካው። በብረት ክዳን የተሸፈነውን አትግዛ፤ ብናኝ ያስገባል። በሁለቱም ወገን ላስቲክ ያለውን በላቸው፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም። የቶርኖ ሠራተኛው ሮለሩን አክሱ ላይ ከገጠመ በኋላ ይቁረጠው፤ ለብቻው ቆርጦ ኋላ ከገጠመው መሃሉን ስቶ ይመጣልህና ለሁለተኛ ጊዜ ትከፍላለህ።