ነፃነት በውሰት ይገኛልን?

በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ከታወቁት ጥንታውያን ጉባኤያት አንዷ ናት። በቅኔ ቤት የሚኖር ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ቍራሽ ለምኖ የሚያድር ድኻ ቢሆንም አንድ ሕግ ከሁሉ አስቀድሞ ይማራል፤ ይኸውም የሌላውን ሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ እንዳያቀርብ ነው። የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ ያጠናል፣ ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ እርሱ ራሱ ሲቀኝ ግን ልኩን ጠብቆ አዲስ ማምጣት አለበት። የተደገመ ቅኔ ምንም ያማረ ቢሆን ለደጋሚው ቅኔ ሆኖ አይቈጠርለትም።

ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ግን ስለ ቅኔ አይደለም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከወጣቶች ጋር ሲቀመጡ ደጋግመው የሚሰሙት አንድ አነጋገር አለ፤ «ነፃነት ያለው አሜሪካ ነው» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለዲቪ ዕጣ በር ከከፈተ ወዲህ ይህ አነጋገር ከከተማ አልፎ ወደ ገጠርም ዘልቋል። ፎቶግራፍ ተነሥቶ ቅጹን ያስሞላ ወጣት ሁሉ እንጀራ ፍለጋ ብቻ የተነሣ አይደለም፤ ማንም የማያዘው ሰው መሆንንም ይመኛል። በምኞቱ አንፈርድበትም። ነገር ግን ነፃነት በአንድ አገር ተሠርቶ ወደ ሌላው የሚጫን ዕቃ ነውን? ወይስ እንደ ቅኔው እያንዳንዱ ሕዝብ በገዛ አንደበቱ ሊያመጣው የሚገባ ነገር ነው?

ከምንጩ እንነሣ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1776 ዐሥራ ሦስቱ የአሜሪካ ግዛቶች ከእንግሊዝ ንጉሥ አገዛዝ መውጣታቸውን ባስታወቁበት ጽሑፍ፣ ሰዎች ሁሉ እኩል ሆነው እንደ ተፈጠሩና የሕይወትና የነፃነት መብታቸው ከፈጣሪ እንጂ ከንጉሥ እንዳልመጣ ተናገሩ። ቃሉ ታላቅ ነው፤ ክርስቲያን የሚያፍርበት አንዳች የለበትም። የጽሑፉ ዋና አዘጋጅ ቶማስ ጄፈርሰን ግን ያን ሲጽፍ ባሮች ነበሩት፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አብዛኞቹን ነፃ አላወጣም። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1852 በሮቸስተር ከተማ ቆሞ ይህ የነፃነት በዓል ለባሪያው ምኑ እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ የወቀሳቸው በባዕድ ሕግ አልነበረም፤ በገዛ ጽሑፋቸው ነበር። ባርነት በአገሪቱ ሕገ መንግሥት የተሻረው ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ በ1865 ነው። ከዚያም መቶ ዓመት ያህል አልፎ፣ በ1963፣ ቄስ ማርቲን ሉተር ኪንግ በዋሽንግተን ያንኑ ቃል እንዳልተከፈለ ዕዳ አድርገው አቀረቡባቸው። ከአሜሪካ ታሪክ ሁሉ ለእኛ የሚደንቀን ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ የተጻፈ ቃል ጸሐፊውን ራሱን የሚከስ ምስክር ሆኖ መቆሙ። (እኛም ብንሆን ባርነትን በአዋጅ ፈጽመን የሻርነው በ1934 ዓ.ም. ስለሆነ ድንጋይ ለመወርወር አንቸኵል።)

ያ ቃል ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ ምን ሆነ? በ1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲዘጋጅ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪ የነበሩት አሜሪካዊው ጆን ስፔንሰር ከሌሎች ሁለት የአገራቸው ሰዎች ጋር ሠርተውበታል። ስለ ሕዝብ መብት በሚናገረው ምዕራፍም ማንም ሰው ያለ ሕግ አግባብ ሕይወቱን፣ ነፃነቱንና ንብረቱን እንደማያጣ የሚደነግግ አንቀጽ ገባ፤ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ያነበበ ሰው ወዲያው የሚያውቀው አነጋገር ነው። የንግግርና የጽሕፈት ነፃነት፣ ሕዝብ የሚመርጠው የምክር ቤት አባልም በዚያው ተጻፉ። በሌላው ገጽ ግን የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን እንደ ነበረ ጸና፤ የፖለቲካ ማኅበርም አልነበረም።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ቈይቶ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ በራሱ ክፉ ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ገበሬው በገቢው መጠን እንዲከፍል የታሰበ ነበርና። የጎጃም ገበሬ ግን ሌላ ነገር አየበት። ገማቾች መጥተው ማሳውን ካዩ ቀጥሎ ገመድ ይመጣል፤ ገመድ ከመጣ ርስት ይሄዳል ብሎ ሠጋ። በደቡብ አገር በቀላድ የሆነውን ሰምቶ ነበር። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት «አልገብርም» ብሎ ተነሣ፤ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ እንዲነሡለትም ጠየቀ። መንግሥት ጦር ላከ፤ ሰው ሞተ። በመጨረሻ ግን ገዢው ተነሡ፤ የተወዘፈው ግብርም ተማረ።

እ.ኤ.አ. በ1773 በቦስተን ወደብ ሻዩን ወደ ባሕር የጣሉት ሰዎችና የቢቸና ገበሬ በግብር ምክንያት መነሣታቸው ያመሳስላቸዋል፤ ገበሬው ግን ስለ ቦስተን ሰምቶ አልተነሣም። ከአሜሪካ ወደ እርሱ የደረሰው ሌላ ነገር ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1953 ከተፈረመው ስምምነት ወዲህ በአብዛኛው በአሜሪካ እርዳታ የታጠቀና የሠለጠነ ነበር። እንግዲህ ከአንዱ አገር ሁለት ነገር መጣልን፤ ማንም ያለ ሕግ ሕይወቱን አይጣ የሚል አንቀጽ መጣ፤ ጠመንጃም መጣ። አንቀጹ አዲስ አበባ ሲቀር ጠመንጃው ጎጃም ደረሰ።

ይህ አገር ነፃነት ምን እንደሚያስከፍል ከማንም የሚማር አይደለም። ከቢቸና ወገን የተነሡት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ጠላትን አምስቱን ዓመት ተዋግተው፣ አገር ነፃ ከወጣ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ በስቅላት ሞቱ። ከባዕድ ነፃ መውጣትና በገዛ ወገን ዘንድ ነፃ መሆን ሁለት ነገር እንደሆነ ጎጃሜው ያውቃል። የተሟገተበትም ቃል «መብት» የሚለው አዲስ ቃል ሳይሆን ርስት የሚለው የአባቶቹ ቃል ነው። በርስቱ ላይ የቆመ ሰው ብቻውን አልነበረም፤ ከወንድሙ፣ ከአጎቱ ልጅ፣ ካልተወለደውም ጋር በአንድነት የያዘው ነው። ስለዚህ ነፃነቱ «ተዉኝ» ማለት ብቻ አልነበረም፤ «ከወገኔ አትለዩኝ» ማለትም ነበር። ከአሜሪካው አነጋገር የሚለይበት፣ እኛም የምንወድለት ይህን ነው። ይሁን እንጂ ርስትም ጥላ ነበረው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሙስሊሙ ጎረቤት በአብዛኛው ከርስት ውጭ ነበሩ። ጄፈርሰንን ባሮቹ እንደሚከሱት ሁሉ ርስተኛውንም ርስት አልባው ይከስሰዋል።

ከዚህ ዓመፅ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታትሞ ነበር። ደራሲው ከተማሩባቸው ቤቶች አንዱ ደብረ ኤልያስ ነው። በኋላም በጣልያን አገር ታስረው ኖረዋል፤ ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ ተቀምጠው በተባበሩት መንግሥታት ኢትዮጵያን ወክለዋል። የነፃነትን ቃል ከምንጩ ድረስ ሄደው ያዩ ሰው ናቸው። በመጽሐፋቸው ግን ሰው በትውልዱ ሊበላለጥ እንደማይገባ የሚከራከረው ከአሜሪካ የመጣ ሰው አይደለም። ዘመዶቹ እንደ እብድ የሚቈጥሩት፣ በጎጃም የሊቃውንት ትምህርት ያደገው ጉዱ ካሣ ነው። በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚነሡት ገበሬዎችም የሚከራከሩት በአገራቸው ወግ ነው። ደራሲው የሰማውን ቅኔ አልደገመም ማለት ይህ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንም ከዚህ ክስ ውጭ አይደለችም፤ በጎጃም ስለ ነፃነት የሚናገር ካቶሊካዊ ይህን ሳይጠቅስ ሊያልፍ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1622 ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን በይፋ አስታወቁ፤ የጎጃም ገዢ የነበሩት ወንድማቸው ራስ ስዕለ ክርስቶስም ከሁሉ ይልቅ ተጉለት። በ1625 የመጡት የኢየሱስ ማኅበር አባል ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የሕዝቡን ሥርዓት ጾሙንና በዓሉን ሳይቀር ለመለወጥ በንጉሥ ሥልጣን ተደገፉ። ትምህርቱ ሰይፍ ተከተለው። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ንጉሡ ራሳቸው ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። የተገደደ ሰው ምን ጊዜም አማኝ እንደማይሆን ያን ጊዜ ያስተማረን የጎጃምና የበጌምድር ገበሬ ነው፤ እኛ መምህራኑ አልነበርንም።

ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1965፣ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው መግለጫ፣ ማንም ሰው በሃይማኖት ነገር ከሕሊናው ውጭ እንዲሠራ እንዳይገደድ አስተማረ። በዚህ መግለጫ ዝግጅት ብዙ የደከሙት አባ ጆን ኮርትኒ መሬይ አሜሪካዊ ነበሩ፤ የዚያው የኢየሱስ ማኅበር ካህንም ነበሩ። በ1950ዎቹ በዚህ ጉዳይ እንዳይጽፉ አለቆቻቸው ከልክለዋቸው በዝምታ ታዘዋል፤ በ1963 ግን በሊቅነታቸው ወደ ጉባኤው ተጠሩ። የጉባኤው አባቶች የአሜሪካን ቃል እንዳለ አልገለበጡትም። መብቱን በሰው ክብር ላይ መሠረቱት፤ እውነትን የመፈለግ ግዴታንም አጣመሩት። የግእዝ መጻሕፍት ግዕዛን የሚሉትም እንዲሁ ያለ ልጓም መሮጥን አይደለም፤ አውቆ መምረጥን ነው።

እንግዲህ ነገሩ ወደ እኛ ይመለሳል። ቍጥራችን ጥቂት በሆነበት አገር የሃይማኖት ነፃነትን መጠየቅ ቀላል ነው፤ የምንጠይቀው ለራሳችን ነውና። አንድ ወጣት ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር ተምሮ፣ ወደ ማኅበራችን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት መጥቶ «እናቴ አለቀሰች፤ እኔም አስቤበታለሁ፤ ወደ እርሷ ቤተ ክርስቲያን እመለሳለሁ» ቢለን፣ ሂድ ልጄ ማለት አያቅተን ይሆናል። ይህ ልጅ ድኻ ቢሆንና የትምህርት ቤቱን ክፍያ ስንከፍልለት የቈየን እኛ ብንሆንስ? በሚቀጥለው ወር እንከፍልለታለንን?