በሐይቅ ዳር ስለ ማረፍ

ክርስቲያን በተድላ ስፍራ ቢያርፍ ኃጢአት ይሆንበታልን? ይህን ጥያቄ ያመጣልን በኮምቦልቻ የሚኖር አንድ የንስሐ ልጃችን ነው። ነገሩ በንስሐ የተነገረ አይደለም፤ እንድንጽፈውም ፈቅዶልናል።

ሰውየው በፋብሪካ ሥራ የሚተዳደር፣ የሁለት ሴቶች ልጆች አባት ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ ታናሺቱን አዝሎ ታላቂቱን እየመራ በእግሩ ተሰድዶ ነበር። ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላም ሚስቱ እንቅልፍ አጣች፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች። ልጆቹ ደግሞ ፀሐይ የማይለየውን ደሴት፣ ነጩን አሸዋ፣ በባሕር ዳር የሚሯሯጡትን ሕፃናት በስልክ አይተው «ወደዚያ ውሰደን» እያሉ ያስቸግሩት ጀመር። ለእኛ ለወሎ ሰዎች ግን ባሕር ሩቅ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደውን መንገድ ደኅና አድርገው የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህም ወደቡ በሌላ አገር ወሰን ውስጥ ሆኗል። ስለዚህ አባትየው ያለውን አሰበ፤ ይኸውም የሐይቅን ዳር ነው።

«አባታችን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ሰቤን ይዤ በሐይቅ ዳር ብውል ነውር ይሆንብኛልን?» ብሎ ጠየቀን። እኛም ብዙ ሳናስብ «ገዳሙን ተሳልመህ ተመለስ፤ የዘፈንና የመጠጥ ስፍራ ለአንተ አይገባም» አልነው። መልሱ በዚያ ጊዜ ቅን መስሎን ነበር።

ስፍራውን ላላዩ አንባብያን ጥቂት እንናገር። ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ውኃው ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ በአንዳንድ ስፍራ ከ80 ሜትር ያልፋል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የቆመባት ምድር ቀድሞ ደሴት ነበረች፤ ዛሬ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዛለች። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዚያ መንነው፣ መጻሕፍት አሰባስበው፣ ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው እግር ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። በዓላቸው ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። በግእዝ «ሐይቅ» የሚለው ቃል የውኃውን ዳር እንደሚያመለክት የቅኔ ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ አማርኛው ቃሉን ወስዶ ለውኃው ሰጠው። እንግዲህ ስሙ ራሱ ዳር ነው። በዚሁ ዳር፣ ከገዳሙ ራቅ ብሎ፣ የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች፣ ጀልባዎችና ዓሣ ጠባሾች አሉ፤ በበዓል ቀንም የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ይጎርፍበታል። (ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ክርክር ዛሬ አናነሣውም፤ ብናነሣው ሌላውን ነገር ሁሉ ይበላብናል።)

ልጃችን እንደ ታዘዘ አደረገ። ነገር ግን የወንዶች ገዳም ስለ ሆነ፣ በአባቶች ሥርዓት መሠረት ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። ይህን ሥርዓት ሳናውቀው ቀርተን አይደለም፤ ለሰውየው ሚስትና ሴቶች ልጆች እንዳሉት ዘነጋን እንጂ። እርሱ ገብቶ ሲሳለም ሚስቱና ልጆቹ በውጭ በፀሐይ ቆመው ጠበቁት፤ በውኃው ማዶ የሚጫወቱትን ሕፃናት ድምፅ እየሰሙ። ወደ ቤት ሲመለሱ ታላቂቱ «ዕረፍቱ ለአባባ ብቻ ነው እንዴ?» አለች። ይህን በነገረን ጊዜ የምንመልሰው አጣን።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍትን ተመለከትን፤ አስቀድመን ልናደርገው ይገባን ነበር። በአበው ዜና እንደ ተጻፈ፣ አባ እንጦንስ ከወንድሞች ጋር ሲጫወት አንድ አዳኝ አይቶ ተሰናከለበት። አባ እንጦንስም ቀስቱን እንዲለጥጥ አዘዘው፤ ደጋግሞም «ጨምር» አለው። አዳኙ «ከልክ በላይ ከለጠጥሁት ይሰበራል» ባለ ጊዜ፣ የወንድሞችም ነገር እንዲሁ መሆኑን አስረዳው። ጌታችንም ሐዋርያት ከስብከት ደክመው በተመለሱ ጊዜ ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ እንዳዘዛቸው ቅዱስ ማርቆስ በምዕራፍ 6 ጽፎልናል። ከትንሣኤውም በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፣ ሌሊቱን ሁሉ ደክመው ምንም ላልያዙት ደቀ መዛሙርት ፍምና ዓሣ እንጀራም አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ወደ መቅደስ ሳይጠራቸው በዳሩ ላይ ቁርስ አበላቸው።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ቅዱሳን የሚያርፉት በሞታቸው ነው፤ የዕረፍታቸውን ቀን የምናከብረውም ስለዚህ ነው፤ በዚህ ዓለም ድካም እንጂ ዕረፍት የለም» ይሉናል። ቃሉ ለመናኝ ያምራል። ነገር ግን በኦሪት ዘፀአት ሰንበት ሲታዘዝ በሬውና አህያው፣ የባሪያይቱ ልጅና መጻተኛው እንዲያርፉ ተብሎ ነው። ለበሬ የታዘዘውን ዕረፍት ለፋብሪካ ሠራተኛ ሚስት የከለከልን እኛ ማን ነን?

እንዲህም ስንል በውኃው ዳር የሚደረገውን ሁሉ ማመስገናችን አይደለም። የአገሩ ሰዎች ስለ ሐይቁ የሚያወሩት አፈ ታሪክ አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔርም ስለ እርስዋ ተቈጥቶ የልዕልቲቱን ምድር ሁሉ ውኃ አደረገው፤ የተበደለችው ሴት ተቀምጣ የነበረችበት ስፍራ ግን ደሴት ሆኖ ቀረ ይላሉ። ይህን እንደ ታሪክ አንቈጥረውም፤ ነገር ግን ከብዙ ስብከት ይልቅ ይነግረናል። ያች ደሴት አስቀድማ የደከመች ሴት መቀመጫ ነበረችና። እንግዲህ ወደ ሐይቅ ዳር የሚሄደውን ሰው «ዘፈን ሰማህን?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «ዕረፍትህ የማንን ዕረፍት ወሰደ?» ብለን እንጠይቀው። ለምሳና ለመጠጥ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ፣ በፀሐይ ሲቀዝፍ ከዋለው የጀልባ ልጅ ጋር ስለ ጥቂት ብር የሚከራከር አለ። ውኃ ድምፅን አርቆ የሚወስድ ሆኖ ሳለ የድምፅ ማጉያውን እስከ እኩለ ሌሊት ከፍቶ፣ ለማኅሌት የሚነሡትን መነኮሳት እንቅልፍ የሚነሣ አለ። የበላበትን ላስቲክ ዓሣ አጥማጁ መረቡን በሚጥልበት ውኃ ውስጥ ጥሎ የሚሄድም አለ። የመዝናናት ኃጢአት በእነዚህ ነው እንጂ፣ ልጅ በውኃ ዳር በመሣቁ አይደለም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ልጃችንን ጠርተን ይቅርታ ጠየቅነው፤ ከቤተ ሰቡም ጋር አብረን ሄድን። በአጠገባችን የነበሩ ወጣቶች ጥምጥማችንን ባዩ ጊዜ ጠርሙሶቻቸውን ከወንበር በታች ሸሸጉ፤ እኛም ወደ ውኃው ፊታችንን መለስንላቸው። አሸዋው በስልክ እንደ ታየው ነጭ አልነበረም፤ ጭቃና ደንገል ይበዛበታል። ልጆቹ ግን ጫማቸውን አውልቀው እስከ ቍርጭምጭሚታቸው ገቡ። ዓሣው እስኪመጣ ድረስ እናታቸው ነጠላዋን አንጥፋ ከዛፍ ሥር ጋደም አለች፤ ወዲያውም እንቅልፍ ወሰዳት። ምግቡ ቀረበ። ታናሺቱ ልትቀሰቅሳት ስትሮጥ አባትዋ እጇን ያዘ፤ ዓሣው እስኪበርድ ድረስ ሁላችንም በዝምታ ተቀመጥን።