እንደራሴ እንደ ማን ነው?



«እንደራሴ» የሚለው የአማርኛ ቃል በውስጡ አንድ ክርክር ተሸክሟል። ሕዝብ አንድን ሰው መርጦ ወደ ምክር ቤት ሲልከው «በዚያ እንደ ራሴ ሆነህ ቁምልኝ» ማለቱ ነው። ይሁን እንጂ እንደ እኔ የሚሆነው የምፈልገውን ሲፈጽምልኝ ነውን? ወይስ እኔ በቦታው ተገኝቼ ነገሩን መርምሬ ቢሆን ኖሮ የማደርገውን ሲያደርግ? ሁለቱ አንድ የሚመስሉን ጉዳዩ ቀላል እስከ ሆነ ድረስ ብቻ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡ ፈቃድና ለኅሊናው ተገዥ እንደ ሆነ ይናገራል። የሕዝቡ ፈቃድና ኅሊናው በተጣሉ ጊዜ የትኛው እንደሚቀድም ግን አይነግረንም።

አብርሃም ሊንከንን እንመልከት። ብዙ ጊዜ የሚወሳው ፕሬዚዳንትነቱ ነው፤ ለእኔ ግን ይበልጥ የሚያስተምረው ገና ጀማሪ የገጠር እንደራሴ ሳለ ያደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1834 በ25 ዓመቱ ለኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት ሲመረጥ፣ ኒው ሳሌም በምትባል ከግንድ በተሠሩ ቤቶች በቆመች ትንሽ መንደር ውስጥ ፖስታ እያደለና መሬት እየለካ ይኖር ነበር። የሚገባ ልብስ ስላልነበረው ከአንድ ገበሬ 200 ዶላር ተበድሮ ወደ ዋና ከተማው ወደ ቫንዴሊያ ሄደ። (በብድር ልብስ ሸንጎ የገባ ሰው ቢያንስ አንዱን መራጩን አይረሳም!) በመጀመሪያው ጉባኤ ብዙ አልተናገረም። ካቀረባቸው ረቂቆች አንዱ በሶልት ክሪክ ወንዝ ላይ የሚያልፈው ሰው የሚከፍልበት ድልድይ እንዲሠራ የሚፈቅድ ነበር። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ወንዝ ሞልቶ እህሉን ይዞ ለቆመ ገበሬ ግን ትንሽ አይደለም።

በ1836 እንደገና ሲወዳደር፣ የመራጮቹን ፈቃድ ባወቀበት ነገር ሁሉ በፈቃዳቸው እንደሚመራ፣ ባላወቀበት ደግሞ በራሱ ፍርድ ለጥቅማቸው እንደሚሠራ በጋዜጣ አስታወቀ። መልሱ ያማረ ነው። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ፈተና መጣበት።

አንደኛው የባቡር ሐዲድና የቦይ ሥራ ነው። ሕዝቡ ይህን አጥብቆ ይፈልግ ነበር፤ ጭቃ ውስጥ ለሚኖር ሰው ማን ይፈርድበታል? ሊንከንም ከደጋፊዎቹ ግንባር ቀደም ሆነ፤ ምክር ቤቱም ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ መደበ። በዚያው ዓመት የገንዘብ ቀውስ ደረሰ፤ ሥራው ባብዛኛው ሳይፈጸም ቀረ፤ በ1842 ግዛቱ የዕዳውን ወለድ እንኳ መክፈል ተሳነው። እንግዲህ የመራጮቹን ፈቃድ ፈጸመ፤ ዕዳው ግን የወደቀው በእነዚያው ገበሬዎች ጫንቃ ላይ ነው።

ሁለተኛው የባርነት ጉዳይ ነው። ምክር ቤቱ የባርነት ተቃዋሚ ማኅበራትን የሚያወግዝ ውሳኔ 77 ለ 6 ሲያጸድቅ ሊንከን ከስድስቱ አንዱ ነበር። ማርች 3 ቀን 1837 ደግሞ ከአንድ የምክር ቤቱ ባልደረባው ጋር ባርነት ግፍ መሆኑን የሚገልጽ ተቃውሞ በመዝገብ አስገባ። ይህንንስ መራጮቹ አልላኩትም። ድፍረቱን ግን ማጋነን አይገባም። የባርነት ተቃዋሚዎች ስብከት ክፋቱን እንደሚያባብስ በዚያው ጽሑፍ ጨምሯል፤ ተቃውሞውንም ያስገባው አውራጃው የተመኘው ነገር፣ ማለት የዋና ከተማው ወደ ስፕሪንግፊልድ መዛወር፣ ከተወሰነ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ድምፅ እንዳያጣ ጠብቆ ይሆናል ብንል አናማውም።

እኔ እንደሚመስለኝ ብዙዎቻችን የምንፈርደው በተገላቢጦሽ ነው። የጠየቅነውን ያመጣልንን ታማኝ፣ ያልጠየቅነውን የተናገረውን ትዕቢተኛ እንላለን። በ1837 ግን ገበሬውን በዕዳ የጎዳው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ከማንም ቤት አንድ ሳንቲም አልወሰደም። ቢሆንም «ኅሊናዬ» የሚል እንደራሴ ሁሉ ሊንከን አይደለም። በኅሊና ስም የራሱን ጥቅም የሚያስቀድም ሞልቷል፤ ከራስ በላይ ነፋስ ይባል የለ! እንግዲህ ኅሊናውን የሚጠራ ሰው ሲመጣ አስቀድመን ልንጠይቀው የሚገባን፣ በዚህ ነገር አንተ ምን ታጣለህ ብለን ነው።

መራጮቹ በ1838 እና በ1840 ደግመው መረጡት። እርሱ ግን በኤፕሪል 1837 ወደ ስፕሪንግፊልድ ተዛውሮ ነበር። መጀመሪያ የላከችው ኒው ሳሌም በ1840 ገደማ ባዶ ሆነች፤ ከግንድ ቤቶቿም አንዳንዶቹ ተነቅለው ወደ ጎረቤቷ ወደ ፒተርስበርግ ተወሰዱ።