ተያዥ ለማን?

ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ሲያደርጉ፣ ወራሹ ገና ልጅ ስለ ነበረ ራስ ተሰማ ናደውን ሞግዚት አድርገው ሾሙለት። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ለአካለ መጠን ስላልደረሰ ልጅ ሲደነግግ ሞግዚት የሚለውን ቃል ይጠቀማል። እንግዲህ ቃሉ ትንሽ ቃል አይደለም። ታዲያ ይኸው ቃል ፌስታል አንጠልጥላ ደጃፋችን ለቆመች ልጅ ሲሰጥ ለምን ይኮሰምናል? ጥያቄውን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከእኅቴ ቤት ነው።

እኅቴ የምትኖረው ካዛንቺስ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ከባሏና ከአራስ ልጇ ጋር ቆዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባች። በድሮው ግቢ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። የግቢው ልጅ ሁሉ ያደገው በእሳቸው ጉያ ነው። እናት ሥራ ስትሄድ ልጇን ጣል አድርጋላቸው ትሄዳለች። ማንም ሞግዚት ብሎ አልጠራቸውም። ቡና ሲፈላ መጀመሪያ የሚቀዳው ለእሳቸው ነው፤ በዓል ሲመጣ ነጠላ ይገዛላቸዋል፤ በቃ። ተያዥ አምጪ ያላቸው የለም። ተያዣቸው ሰፈሩ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ እሳቸው ወደ አንድ ጥግ፣ እኅቴ ወደ ሌላ ጥግ ሆኑ።

አዲሱ ፎቅ ላይ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ደረጃ ላይ ሲተላለፉ «ደኅና ዋሉ» ከመባባል በቀር ማን የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው እኅቴ ወደ ደላላ ሮጠች። ደላላው በማግሥቱ አንዲት ልጅ ይዞ መጣ፤ ድርሻውን ተቀብሎ ሄደ። ቅዳሜ ስለ ነበር እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ተያዥ አለሽ?» አላት የእኅቴ ባል።

«የለኝም ጋሼ። እዚህ አገር የማውቀው ሰው የለም።»

«ልጅ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ፤ የራሴን። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እናቴ ዘንድ ነው ያለ።»

ከዚያ ወደ እኅቴ ዞር ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ አይቆጡኝና፣ እናንተንስ እዚህ ማን ያውቃችኋል? በፊት የነበርኩበት ቤት የሦስት ወር ደመወዜን ከልክለው ነው ያስወጡኝ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እውነትም በዚያ ሕንፃ ላይ አንድም የሚያውቀን ሰው አልነበረም። እንግዳዋ እሷ ብቻ አይደለችም፤ እኛም እንግዶች ነን።

አንባቢ ሆይ፣ የእኅቴን ባል አልኮንነውም። ሕፃን አፍ የለውም፤ ቢመታ አይከስስም፣ ቢራብ አይናገርም። «እሷ ብታጣ ደመወዟን ነው፤ እኛ ብናጣ ልጃችንን ነው» ብሎ የሚከራከረኝ ቢኖር ግማሽ እውነት አለው። ግማሹ ግን ጎድሏል። እሷም የምታስይዘው ደመወዟን ብቻ አይደለም። በማታውቀው ሰው ቤት፣ ቁልፉ በሰው እጅ በሆነ በር ውስጥ ሌሊት ትተኛለች። በክፉ ቤት ምን እንደሚደርስባት ሁላችንም እናውቃለን፤ አንናገረውም እንጂ።

ደግሞስ ተያዥ ከምን ያድናል? ወርቅ ቢጠፋ ይከፍል ይሆናል። ግን ተያዥ የሚያለቅስ ልጅ አያባብልም፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ ጡጦ አያሞቅም። ሕፃኑን የሚጠብቀው የጠባቂዋ ልብ ማረፍ ነው። የተከፋና እንቅልፍ ያጣ ሰው ሌላውን እንዴት ያሳርፋል? ይህን ስል ግን ለልጃችን ስንል ብቻ ደግ እንሁንላት ማለቴ አይደለም። እንደዚያማ ከሆነ ልጁ ያደገ ዕለት ደግነታችንም ያበቃል። ሰው ስለ ሆነች ይገባታል።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእኅቴ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ሰጥቷታል። ይኸው አዋጅ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። እንግዲህ እኅቴን እስከ ሥራዋ ድረስ የሚሸኛት ሕግ፣ ወደ ሥራ እንድትመለስ የምታስችላትን ልጅ ደፍ ላይ ትቷት ያልፋል። ከደፉ ወዲህ በአብዛኛው የሚፈርደው የባለቤቶቹ ኅሊና ነው። ኅሊና ደግሞ ምስክር ከሌለበት ቶሎ ያንቀላፋል።

ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ወረቀት ተጻፈ፤ በሁለት ቅጂ። ደመወዟ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የእሑድ ዕረፍቷ፣ ከፈለገች የማታ ትምህርቷ ሰፈረበት። «ተያዥ» በሚለው ቦታ የእኔ ስም ገባ። ተያዥነቴ ግን ለእሷ አይደለም፤ ለእኅቴና ለባሏ ነው። ደመወዟን ቢከለክሏት እኔ ልከፍል ፈረምኩ። የእኅቴ ባል ሳቀብኝ። «አንተ ደሞ! ከምንህ ልትከፍል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የተማሪ ኪስ ይታወቃል። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ቅጂዋን አራት ላይ አጥፋ ፌስታሏ ውስጥ ከተተች።

አዲስ ሰፈር የምትገባ ወንድሜ፣ የምትገቢ እኅቴ፣ «ተያዥ አለሽ?» ከማለታችሁ በፊት የራሳችሁን ተያዥ ፈልጉ። እኔ የምለው ይኸን ያህል ነው።

አንድ ነገር ግን ሳይፈታ ቀርቷል። የእኅቴ ልጅ ሞግዚት አገኘ፤ የሞግዚቱ ልጅ ሩቅ አገር እናቱን ይጠብቃል። ስለ እሱ ወረቀቱ ላይ የጻፍነው የለም። ምን ብለን እንደምንጽፍም አላወቅንም።