ጭስ የሌለው ጥፋት

ከኮምቦልቻ ደሴ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከፍታው ግን ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 2,500 ይደርሳል። በመንገዱ ላይ ባለው የሐረጎ ዳገት ተሳቢ የሚጎትት መኪና ማርሽ እየቀነሰ ሲያቃስት ከኋላው የሚከተለው ሰው መስኮቱን ይዘጋል። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦው የደከመ ሞተር ለናፍጣው የሚበቃ ኦክስጅን ስለማያገኝ ያልነደደው ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል።

ይህን ጭስ ለመቀነስ ከሚታሰቡት መላዎች አንዱ ሞተሩን በናፍጣና በጋዝ እንዲሠራ መለወጥ ነው። ጋዙ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ብቻውን ግን አይነድም፤ ጋዙ በአብዛኛው ሚቴን ነው፣ ሚቴን ደግሞ በራሱ የሚቀጣጠለው በ540 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ናፍጣ ግን ከ250 በታች ይበቃዋል። ስለዚህ ጥቂት ናፍጣ ይረጭና ክብሪት ይሆንለታል። ጋዝ ቢጠፋ ሾፌሩ በናፍጣ ብቻ ጉዞውን ይቀጥላል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። የኦጋዴኑ ካሉብ ጋዝ ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ የመጀመሪያው የፈሳሽ ጋዝ ማምረቻ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ተመርቋል።

ጥያቄው የሚነሳው ጭሱ ሲጠፋ ነው። ሞተሩ ከባድ ጭነት ይዞ ሲወጣ ጋዙ ደህና ይነድዳል። መኪናው ባዶውን በደሴ አቅራቢያ ወዳለው ገራዶ ሲሄድ፣ ወይም ደሴ መሐል ሞተሩ ሳይጠፋ ሲቆም ግን ድብልቁ ይሳሳል፤ ከጋዙ የተወሰነው ሳይነድ በጭስ ማውጫው ይሾልካል። ሽታም ቀለምም የለውም። በ100 ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ፣ በ20 ዓመት ደግሞ 80 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። የሾለከው ከበዛ ናፍጣ በመቀነሱ የተገኘውን ትርፍ ይበላዋል።

ታዲያ ያልታየ ጥፋት ጥፋት ነው? በአንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት በሚገናኝበት ወሎ መልሱ ከሁለት ወገን ይመጣል። ፍትሐ ነገሥት አስቦ የገደለንና ሳያስብ የገደለን ለይቶ ይፈርዳል። በእስልምና ሕግም በስህተት የገደለ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ አይቆጠርም፤ ሆኖም የደም ካሳ ይከፈላል፣ ገዳዩም ከፋራ የሚባለው ማስተሰረያ አለበት። አለማወቅ ቅጣቱን ያቀላል እንጂ ዕዳውን አይሰርዝም።

ግን አሁን የማያውቅ ማን ነው? ድሮ በጥቁር ጭስ የሚታማ ባለንብረት ጥፋቱ አደባባይ ላይ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው ይረግመዋል። ሞተሩን አስለውጦ የሚሾልከውን የማያስለካ ሰው ግን ስሙም መኪናውም ነጽተውለት ይኖራል። ይህ ከፊተኛው የባሰ ይመስላል፣ ከሚረግመው ሰው እንኳ ተገላግሏልና። ይህ ሲባል መለወጡ ይቅር ማለት አይደለም፤ ጥቀርሻውን ሳንባው ውስጥ የሚያስገባው የመንገድ ዳር ነጋዴ ዛሬ እፎይ ይላል።

መላው በራሱ በመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ሞተሩ ከተወሰነ ጭነት በታች ሲሠራ ጋዙ እንዲዘጋ፣ ናፍጣ ብቻ እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል። እንዲህ ሲደረግ የሚቆጠበው ናፍጣ ይቀንሳል፤ ባለንብረቱ ደግሞ መኪናውን ያስለወጠው ለቁጠባው ብሎ ነው። ገደቡን የሚያስገባው መካኒኩ ነው፤ ሾፌሩን የሚጠይቀው የለም።