ያልደረሰ ሰባኪ

ሰባኪ የተላከበትን አገር በዐይኑ ሳያይ ቢሞት፥ ታሪኩ በምን ይጻፋል? ጥያቄውን ያነሣሁት ስለ ሐኪሙ ስለ ፍሪድሪክ ሆከር ነው። ይህ ሰው ከሞራቪያውያን ወንድሞች ማኅበር፥ በመስፍኑ በዚንዘንዶርፍ ዘመን ተልኮ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1752 ካይሮ ሲገባ፥ ሐሳቡ ሁሉ ከዚያ ተሻግሮ ኢትዮጵያ መድረስ፥ ከጥንታዊቱም ቤተ ክርስቲያናችን ጋራ በወንድማማችነት መገናኘት ነበረ። በ1758 ከጓደኛው ጋራ በቀይ ባሕር ሲጓዝ ግን መርከቢቱ ተሰበረች፤ የመድኃኒቱም ሣጥን ጠፋ፤ ተመልሶም በ1782 እዚያው ካይሮ ዐረፈ።

ሆከር ካይሮ ከገባ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ፥ በባዝል አጠገብ የቅዱስ ክሪሾናን ማኅበር ያቋቋመው ክርስቲያን ስፒትለር፥ ከኢየሩሳሌም እስከ ጎንደር በ12ቱ ሐዋርያት ስም የሚጠሩ ጣቢያዎችን በመንገድ ላይ ለመትከል አሰበ፤ ከእስክንድርያ፥ ከካይሮና ከካርቱም ቀጥሎም መተማ ላይ አንዱ ተተከለ። መተማ በዚያን ጊዜ የተክሩሮች ሼህ የሚገዛት፥ ከደጋ የወረደ ቡናና ሰም ከቆላው ጥጥ ጋራ የሚለዋወጥባት፥ ወዮ፥ ሰውም የሚሸጥባት ገበያ ነበረች፤ ክረምት ሲገባም ንዳዱ እንግዳውንም አገሬውንም አይምርም ነበር።

የታሪክ ጸሓፊ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የሆከር ዘር መተማ ላይ በቀለ ብሎ ሁለቱን ማያያዝ ያጓጓል። ምእመን በዚህ የእግዚአብሔርን መግቦት ሊያይ ይችላል፤ እኔም አያለሁ። ነገር ግን መግቦት በእምነት የሚታይ እንጂ በሰነድ የሚመሰከር ስላይደለ፥ ሰውን እርሱ ባላወቀው ፍሬ ማክበር የራሱን ዕድሜ ከእጁ መቀማት ይሆናል።

ገድላችንን ብዙ ጊዜ የጻፉት ከቅዱሱ በኋላ የመጡ ደቀ መዛሙርት ናቸው፤ የሚሲዮናውያን ታሪክ ግን በአብዛኛው ራሳቸው ለላኪዎቻቸው በጻፉት ደብዳቤ ላይ የቆመ ስለ ሆነ፥ የታከመው በሽተኛና ስብከቱን የሰማው ሰው ድምፅ በውስጡ ብርቅ ነው። ስለዚህም የሚሲዮናዊው የዮሐንስ ማርቲን ፍላድ ታሪክ፥ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በቤተ እስራኤል መካከል ሥራውን የመራውን ሚካኤል አረጋዊን ትቶ ሊጻፍ አይገባም።

ሆከርን የሚመረምር ሰው ግን መተማን ለጊዜው ይተው፤ በካይሮ በሽተኛ እያከመ ካሳለፋቸው ዓመታት፥ የማኅበሩ ወንድሞችም በግብፅ በብህነሳ ከቅብጣውያን ክርስቲያኖች ጋራ ተቀምጠው ከተነጋገሩበት ጊዜ ይጀምር።