ጆሯችን የማን ነው?

 

እኔ ዘንድ ቁርኣን የሚሐፍዝ አንድ ወጣት አለ። ታሪኩን የማነሳው በፈቃዱ ነው። ሲቀራ «ፋ»ን ባለ ሦስት ነጥቧ «ሣ» ያደርጋታል። አርመዋለሁ፣ ይደግማል፣ አሁንም ያው ነው። ችግሩ ምላሱ ላይ መስሎኝ ነበር። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ግን ጆሮው ላይ ተገኘ። ለዓመታት ታክሲ ውስጥም፣ ሲተኛም፣ ኢርፎኑን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ነበር የሚያዳምጠው።

«ኡስታዝ፣ እኔ እኮ ዘፈን አልሰማም! የምሰማው ቁርኣንና መንዙማ ነው» አለኝ።

ይህ ንግግሩ ከልቤ አልወጣም። የምንሰማው መልካም ከሆነ፣ አሰማማችን አያስጠይቀንም ማለት ነው?

በውስጠኛው ጆሯችን 15,000 ያህል ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አሉ። በኃይለኛ ድምፅ ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም። ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚጎዱት ቀጫጭን ድምፆችን የሚቀበሉት ናቸው። እንደ «ፋ»፣ «ሣ» እና «ሲን» ያሉ ፊደላት የሚለዩትም በእነዚያው ቀጫጭን ድምፆች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መስማት ይቻላል ይላል። 90 ዴሲቤል ሲደርስ ግን የሚፈቀደው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። ጆሮ ቂርኣት ነው ዘፈን ነው ብሎ አይለይም፤ ለእሱ ሁሉም ድምፅ ነው።

ታዲያ ለምን ከፍ እናደርገዋለን? አንዱ ምክንያት የውጭው ጫጫታ ነው። ሌላው የቅጂው ጥራት ነው። ፋይሉ እንዲያንስ ተብሎ ብዙ ሲጨመቅ ከድምፁ ላይ ይቀነሳል። በየስልኩ እንደገና ሲጨመቅ ደግሞ ይበልጥ ይደበዝዛል። ያኔ «አልጠራም» ብለን ድምፁን እንጨምራለን። ድምፅ መጨመር ግን የቀረውን ያጎላል እንጂ የጎደለውን አይመልስም። ጥራትና ጩኸት ለየቅል ናቸው። ጥሩ ቅጂ ዝቅ ብሎም ይጠራል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ 36ኛው አንቀጽ ስለ መስሚያ፣ ስለ ማያና ስለ ልብ እንደምንጠየቅ ነግሮናል። ይህንን ብዙ ጊዜ «ምን ሰማችሁ?» ብቻ አድርገን እንረዳዋለን። ነገር ግን መስሚያው አማና ነው። ባለ አደራ ደግሞ በምን እንደተጠቀመበት ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደያዘውም ይጠየቃል። ሰው በአደራ የሰጣችሁን ብርጭቆ ዘምዘም ቀድታችሁበት ብትሰብሩት፣ ዘምዘም መሆኑ ከመጠየቅ ያድናችኋል?

«ከፍ ሲል ነው ልቤ የሚነካው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ጩኸት ስሜትን ያነሳሳል። ግን በዚያው ሱራ 110ኛው አንቀጽ ላይ ሶላት ውስጥ እንኳ ድምፃችንን እጅግ ሳናጮህና እጅግ ሳንደብቅ መካከለኛውን መንገድ እንድንይዝ ታዘናል። በጌታው ፊት ለቆመ ሰው ድምፅ ልክ ከተበጀለት፣ ለኢርፎናችን እንዴት አይበጅለትም?

ስለዚህ ድምፁን ከ60 በመቶ አታሳልፉ። የጠራ ቅጂ ፈልጉ። ጫጫታ ባለበት ቦታ ከመጨመር ይልቅ የውጭ ድምፅ የሚከላከል ኢርፎን ተጠቀሙ፣ ካልሆነም ቆዩት። ጆሯችሁን በየመሀሉ አሳርፉት። የማያቆም ጭውታ ከተሰማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ያ ወጣት ዛሬም ሒፍዙን አልተወም፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ስቀራለት ፊደሉን ለመለየት አፌን ትኩር ብሎ ያያል። ባየሁት ቁጥር ልቤ ይነካል።

ዛሬ ሱረቱል ካህፍን ለማዳመጥ ስትከፍቱ፣ ድምፁን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉት። አማናውን መጠበቅም ዒባዳ ነው። አላህ መስሚያችንን እስከ ዕድሜያችን ፍጻሜ ይጠብቅልን፣ አሚን።

ወሏሁ አዕለም።